አባቴ ያልሰማው ሳንቲም

አባቴ ሄድሊ ጋሮድ ዕድሜውን ሙሉ በእንግሊዝ አገር፣ በኖርፎክ መንገዶች ላይ የስኳር ቀይሥር በከባድ መኪና ሲያመላልስ ኖረ። ሰው የሚያስታውሰው ግን በመኪናው አይደለም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ የብረት መፈለጊያ መሣሪያውን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ በታረሰ መሬት ላይ ሲሄድ ነው።

እኔ በአውራጃው ሙዚየም ከመሬት የሚወጡ ጥንታዊ ዕቃዎችን እመዘግባለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የሮማውያንን ዘመን አጥንቻለሁ። ወደዚያ የሳቡኝ ግን አባቴ ከኪሱ እያወጣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚደረድራቸው የዛጉ ሳንቲሞች ናቸው። እናቴ "ጭቃህን ከዳቦዬ አርቅልኝ!" ትለው ነበር።

እሷ ከሞተች በኋላ ባዶ ቤት መቀመጥ አቃተው። የቀረው በወይዘሮ ባኒንግ እርሻ ላይ ሳንቲም ፍለጋ ነበር፤ እሱም ከጓደኛው ከባሲል ታክ ጋር።

የአባቴ መሣሪያ አሮጌ ነው፤ የሚናገረው በድምፅ ብቻ ነው። ምስማር ሲያገኝ ያጉረመርማል። ብር ሲያገኝ ደግሞ ቀጭን ፉጨት ያሰማል። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከድሮ ጀምሮ የሚያከብሩት አንድ ደንብ ነበራቸው፦ ሳንቲም የሚመዘገበው ድምፁን ቀድሞ በሰማው ሰው ስም ነው፤ የቆፈረው ሌላ ቢሆንም።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አባቴ ምስማር ብቻ ይዞ መምጣት ጀመረ። "መሬቱ አልቆበታል" ይል ነበር። ባሲል ስክሪን ያለው አዲስ መሣሪያ እንዲገዛ ሲወተውተው፣ "ቴሌቪዥን ማየት ካማረኝ ቤቴ ሶፋ አለኝ" ብሎ ሳቀበት።

ባለፈው ዓመት ቀይሥሩ ከተነሳ በኋላ፣ አንድ ቀን ከነጭቃ ቦቲው ቢሮዬ ገባ። የብር ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ጥርት ያለ የሮማ ንጉሥ ፊት ነበረበት።

"አባዬ! አገኘህ!" ብዬ ተነሳሁ።

"ተቀመጪ። ካርዱ ላይ 'ያገኘው ሰው' በሚለው ቦታ ባሲል ታክ ብለሽ ጻፊ።"

"ቅድም ባሲል ደውሎልኝ ነበር እኮ። 'አባትሽ ዛሬ ብር አወጣ' ብሎ ሲጮህ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር።"

"ማውጣቱንማ አወጣሁ። ሻይ ስንጠጣ፣ 'እዚያ እሾህ ቁጥቋጦው አጠገብ አልፈኸዋል፣ እስቲ ተመለስ' አለኝ። ተመለስኩ። ምንም አልሰማሁም፤ ግን ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፣ ቆፈርኩ።" ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። "ያን ያህል ዘመን የተኛ ሳንቲም ሲነሳ አፈሩ ላይ ማኅተሙን ይተዋል። የዚህ አፈር ግን በቅርቡ የተቆፈረ፣ ልል ነበር። ትንሽ ሆነሽ ጥርስሽ ሲወልቅ ትራስሽ ሥር ሳንቲም አስቀምጥልሽ አልነበር? ባሲልም የራሱን ግኝት እንደዚያ ነው ያስቀመጠልኝ።"

"ሐኪም ዘንድ እንሂድ" አልኩት።

"ሄጃለሁ። ቀጭን ድምፅ ሁሉ ሄዷል፣ አይመለስም አለኝ። መሬቱ አይደለም ያለቀበት፤ እኔ ነኝ። ስንቱን ረግጬ አልፌዋለሁ መሰለሽ።" ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ። "ለባሲል እንዳትነግሪው። በጣም ደስ ብሎታል። ግን በስሙ መዝግቢ። ያልሰማሁትን ሰማሁ አልልም።"

በስሙ መዘገብኩ።

አባቴ ከዚያም በኋላ መሄዱን አልተወም። ብርዱ እስኪጠና ድረስ ማዳመጫውን ደፍቶ ከባሲል ጎን ይራመድ ነበር። የካቲት ላይ ሳንባው ታመመና በሳምንቱ ሞተ።

ከቀብሩ በኋላ ባሲል ከረባቱን እንዳሰረ ሙዚየም መጣ። "ልጄ፣ የሄድሊን የመጨረሻ ሳንቲም አሳዪኝ። ስሙ ተጽፎ ልየው" አለኝ።

ሳንቲሙን ብቻ አውጥቼ ካርዱን መሳቢያው ውስጥ መተው እችል ነበር። አባቴ አትንገሪው ቢለኝም ሁለቱንም ፊት ለፊቱ አስቀመጥኩ። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፤ ደግሞ አነበበ።

"ተሳስተሻል።"

"አልተሳሳትኩም። እሱ ነው እንዲህ ጻፊ ያለኝ።"

ፊቱ ቀላ። "አወቀ ማለት ነው?"

"በዚያው ቀን።"

"ያ ተንኮለኛ ሽማግሌ!" አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ታዲያ ከዚያ በኋላ ለምን መጣ? ያን ሁሉ ብርድ? ምንም እንደማይሰማ እያወቀ ከእኔ ጋር ምን ያመላልሰዋል?"

መልሱን እሱም ያውቀዋል።

ካርዱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። "ስሜን ሰርዢና የሱን አድርጊ። ማንን ይጎዳል? ሞቷል እኮ።"

"አልችልም ጋሼ ባሲል።"

"አባትሽ እኮ ነው!"

"ለዚያ ነው የማልችለው።"

ሳንቲሙን አንስቶ መዳፉ ላይ ትንሽ ያዘው። ከዚያ ራሱ ትሪው ላይ፣ ስሙ ከተጻፈበት ካርድ አጠገብ፣ የንጉሡን ፊት ወደ ላይ አድርጎ መለሰው።