ሁለተኛው ብረት

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። በአገሬ በድብ ባሕር እህል ስጭን ግራ ጭኔን እንደ እሳት ለበለበኝ። በሦስተኛው ቀን አበጠ። መግል ያዘ። በጣሊያን ጊዜ የገባ ጥይት ነው፤ ሃያ ዓመት ዝም ብሎ ኖሮ ተነሣብኝ።

ጎረቤቴ ውብነህም ጥይት ነበረበት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ ጎንደር ሐኪም ቤት በራጅ እያዩ አወጡለት። ራጅ ሥጋን አልፎ ብረትና አጥንት የሚያሳይ ማኪና ነው። የውብነህ ጠባሳ ጣት አይሞላም። ማኅበር በተቀመጥን ቁጥር ሱሪውን ሰብስቦ ያሳያል። የቆሰልነው አንድ ቀን ነው፤ የኔን ማን ጠየቀ? ቅናት ነበረብኝ፤ አልደብቅም።

ጎንደር ስደርስ ፈረንጁ ሐኪም ጭኔን ዳሰሰ። ቁስል አጣቢው ድሬሰር አስተረጎመልኝ።

«አያ ተገኘ፣ ጥይቱ በእጅ ይዳሰሳል። ያለ ራጅ ይወጣል።»

«ለውብነህ ያደረጋችሁትን ለኔ ምነው ትነፍጉኛላችሁ? ያለ ራጅ ቢላ አያርፍብኝም።»

ሐኪሙ ሳቀና እሺ አለ።

ክታብህን አውልቅ አሉኝ። ጥይት የሚያህል የብር ማኅደር አለው፤ የአባቴ ነው። ያለሱ ተኝቼ አላውቅም። ከአንገቴ ፈትቼ በመዳፌ ደበቅሁት። ወገቤን በመርፌ አደነዘዙኝ። ሐኪሙ ጨረሩን የሚጋርድ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ለበሰ። ራጁ በጨለማ ነው የሚታየው፤ መብራቱ ጠፋ። በጨለማው ክታቤን ጭኔ ሥር ሸጎጥሁት።

«ሁለት ብረት አለ» አለ ድሬሰሩ።

ደስ አለኝ። የውብነህ አንድ ነው።

ሊያዩ ያጠፋሉ። ሊቆርጡ ያበራሉ። አንዱ ወጣ። ሁለተኛው የለም። አጠፉ፤ ብረቱ ይታያል። አበሩ፤ ቆረጡ፤ የለም። ሐኪሙን አላበው። ድሬሰሩ ጎንበስ አለ።

«ከዚህ ወዲያ ትልቁ የደም ሥር ነው። ከተነካ እግርህ ይሄዳል።»

ያኔ ገባኝ። እጄን ሰድጄ ክታቤን አወጣሁ። ሐኪሙ ክታቡን ተቀብሎ በቋንቋው አንድ ነገር አለ።

«ከማኪናው በፊት አንተን አጥብቄ መጠየቅ ነበረብኝ ይላል» አለኝ ድሬሰሩ።

ጥይቱ የወጣበት ቁስል ቶሎ ደረቀ፤ በከንቱ የተቆረጠው ግን ከወር በላይ እያዠ፣ ጨርቁ ጧት ማታ እየተለወጠ፣ ድሬሰሩም አንድ ቀን እንኳ ሳይቆጣኝ እያጠበው ቀስ ብሎ ገጠመ። ለሐኪሙም ለድሬሰሩም እግዜር ይስጥልኝ፤ ዛሬ ዳገት የምወጣው በነሱ ነው። አንተ ቢላ የምትጠብቅ፣ ራጅ ሸጋ ነገር ነው፤ ግን የሚያሳየው ጥላ ነው፣ ብረቱ ሥጋህ ውስጥ ይሁን ከሥርህ አይነግርህም። ጨረሩም ሲበዛ ላንተም ለሐኪሙም አይበጅም፤ ያለሱ ይወጣል ካሉህ እመናቸው። ብረት የሆነውን ሁሉ፣ ክታብም ቢሆን፣ ለሰው አደራ ስጥ።

በተቆረጥሁ በማግስቱ ጧት ውብነህ ሊጠይቀኝ መጣ።

«አያ ተገኘ፣ ሁለት ወጣልህ አሉ?»

በክፍሉ ያለ በሽተኛ ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። ውሸቱ አፌ ድረስ መጣ።

«አንድ ነው። ሌላው ክታቤ ነበር።»

ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ለክታቡስ መርፌ ወጉለት?»

«ሳቅህን ተውና ደግፈኝ» አልሁት።

ትከሻውን ይዤ እግሬን መሬት አስነካሁ። እግሬ ቆመልኝ። ውብነህ ያለ ምርኩዝ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እግሩን አየሁ። ቀናሁበት፤ ትከሻውን ግን አልለቀቅሁም።