ብረቱ የለበሰው ጋቢ

አባባ፣ ትናንት አርባዎ ወጣ። የልጅ ልጆችዎ ሁሉ ተሰብስበን ነበር። እኔ ግን አቃቂ ግቢያችን ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወደ ጓሮው ብረት ነው።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ እንደወጡ፣ ከውድቅዳቂ ብረት በእንፋሎት የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሠሩ። መጀመሪያ አንድ ሸክም እንጨት ፈጅቶ ከጉድጓዱ ያወጣው ሁለት ባልዲ ብቻ ነበር። ጎረቤት ሳቀ።

አንቱ ግን፣ "ጥፋቱ የኔ ነው፤ እንፋሎቱን ለማቀዝቀዝ ስል ያሞቅሁትን ሲሊንደር መልሼ በውሃ አቀዘቅዘዋለሁ" አሉና እንፋሎቱ ለብቻው የሚቀዘቅዝበት ሌላ በርሜል ቀጠሉለት። ሲሊንደሩንም ሙቀቱ እንዳያመልጥ በጋቢዎ ጠቀለሉት።

ባለቤትዎ እማማ ጮኹ። "እኔ የፈተልኩትን ጋቢ ለብረት ታለብሳለህ?"

"ብረትም ይበርደዋል እኮ!"

በዚያው አንድ ሸክም እንጨት የሰፈሩ ጀሪካን ሞላ፤ የሳቀውም ተሰለፈ። ከዚያ ወዲህ የተኮራረፈ ሰው ሲያስታርቁ ንግግርዎ አንድ ሆነ፦ "ያሞቃችሁትን አታቀዝቅዙ።" እኔንና ወንድሜንም ያስታረቁን በዚሁ ነው።

የቧንቧ ውሃ ከገባ ወዲህ ፓምፑ እሳት አላየም፤ ጋቢውም ወደ አልጋዎ ተመልሶ ነበር። ትናንት ዘመድ ሲበተን እማማ ጋቢዎን ከአልጋዎ አንስተው ወደ ጓሮ ወጡ። ተከተልኳቸው። ሲሊንደሩን ጠቀለሉት፤ እንደ ሕፃን ዳር ዳሩን ሸጎጡለት።

"እማማ፣ ቀዝቃዛ እኮ ነው" አልኳቸው።

"እሱማ በርዷል፣ ልጄ" አሉኝ፣ እጃቸውን ሳያነሱ። "ያልበረደልኝ እኔ ነኝ።"