ፀሐይ ላይ የተሰጣው የባትሪ ድንጋይ

አውቶቡስ ስጠብቅ አጠገቤ የቆመ ጎረምሳ ብርቱካን ብርቱካን የሚል የቬፕ፣ ማለት የባትሪ ሲጋራ፣ ጭስ ፊቴ ላይ ቢለቅብኝ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ፊቱን አጨፍግጎ ይሸሻል። እኔ አልሸሽም፤ ቆሜ እስበዋለሁ። ልጁ ልቆጣው ያፈጠጥኩበት መስሎት «ሶሪ፣ ሶሪ» እያለ ዞር ይላል። ምን ያውቃል! እኔ በዚያች ደቂቃ ኬኒንግተን ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ነኝ፤ አባቴ በሕይወት አሉ፤ ወንድሜም አጠገባቸው ቆሟል። ከዚያ አውቶቡሱ ይመጣና ካርዴን አስነክቼ እገባለሁ።

ያንን ሽታ ድሮ ስጠላው ለጉድ ነበር። ወንድሜ ገና በጎረምሳነቱ በሱዳን አድርጎ ከአገር የወጣ ልጅ ነው። መንገድ ላይ የለመደውን ሲጋራ ለንደን ድረስ ይዞት መጣ፤ ሲስል ጎረቤት ግድግዳ ይደበድብ ነበር። ሐኪሙ ሳንባውን በፎቶ አይቶ ክፉኛ አስጠነቀቀው። ሲጋራውን ያስጣለው አብሮት የሚሠራ ሰው የሰጠው አንድ የናስ ቱቦ ነው። ውስጡ አንድ ወፍራም ባትሪ ይገባል፣ ታች ቁልፍ አለችው፣ ላይ ደግሞ ፈሳሹን የምታሞቅ ሽቦ። በቃ። ሌላው ሰው የሚይዘው ቬፕ ከመጠን በላይ ሲግል ራሱን የሚያጠፋበት ዘዴ አለው። የወንድሜ ግን ሜካኒካል የሚሉት ዓይነት ነው፤ ቁልፏን ሲጫኗት ባትሪው ያለውን ሁሉ ይሰጣል፤ ተው የሚለው የለም።

ዊልስደን የሚከራይበት ቤት አጠገብ ያለው የቬፕ ሱቅ ሰውዬ አስቀምጦ መክሮታል። ወንድሜ ምክሩን ለእኔ ነገረኝ፤ የነገረኝ ዕለት ተጸጸተ፤ ምክንያቱም ፖሊስ ሆንኩበት።

«መለዋወጫ ባትሪህን ከቤት ቁልፍህ ጋር ኪስህ ከተትከው አይደል?»

«የፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ነው፣ ተይኝ።»

«ልባሱስ? ቼክ አደረግኸው?»

ልባስ የምለው ባትሪው ላይ የተለበጠችውን ቀጭን ፕላስቲክ ነው። እሷ ከተቀደደች የባትሪው ገላ ባዶ ብረት ነው፤ ከሌላ ብረት ጋር ከተነካካ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ እሳት ይተፋል።

«አንቺ ሴትዮ፣ ባትሪ ነው እንጂ ቦምብ አይደለም!»

«ቦምብስ ቢያንስ ቀለበት አለው!»

እንዲህ ነበር ውሏችን። ትዕግሥት የሚባለውን ነገር እግዜር ለእኔ ሲያድል ረስቶኛል።

ከዚያ አባቴ መጡ። የስድስት ወር ቪዛ ነው ያገኙት። ወንድሜ ስንት ዓመት ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ ተመላልሶ ወረቀቱን ቢያገኝም፣ በስደተኛ ወረቀት አገር አይገባም። እኔ ገባ ወጣ ብዬ አባቴን አይቻቸዋለሁ፤ እሱ ግን ከወጣ ጀምሮ ዓይናቸውን አላየም። እናታችንንም በስልክ ነው የቀበራት። ሂትሮው አየር ማረፊያ አባቴ ሻንጣቸውን በጋሪ እየገፉ ብቅ ሲሉ ጉልበታቸው ላይ ተደፋ። «ተነሥ፣ ሰው ያያል» እያሉ እሳቸውም አለቀሱ። ወንድሜ ዊልስደን ያለውን ክፍሉን ትቶ እኔ ዘንድ ሳሎን ሶፋ ላይ ማደር ጀመረ። ስድስት ወር ሙሉ ከጎናቸው አልጠፋም ብሎ ነው።

ጠፋ እንጂ! አባት ፊት ማጨስ እኛ ቤት ነውር ነው፤ ሲጋራ ይሁን፣ ቬፕ ይሁን፣ ጭስ ጭስ ነው። እና በየሰዓቱ ብድግ ይላል፤ «መኪናዬን ቼክ አድርጌ ልምጣ።» በየሰው ቤት ኪችን የመግጠም ሥራውን የሚሠራባት ቫን ስላለችው እሷን ነው ሰበብ ያደረጋት።

«ይቺ መኪና ጡት የምትጠባ ናት እንዴ?» አሉ አባቴ መጀመሪያ ሰሞን፤ ተሳሳቅን። ሲመለስ ሽታው እንዳይደርስባቸው ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። «ና እስቲ ጎኔ» ሲሉት «ልብሴ ቆሻሻ ነው፣ አባባ» ይላል። ጠዋት ሳይነሡ ይወጣል፣ ማታ አምሽቶ ይገባል። እየቆየ አባቴ በመኪናው መቀለዱን ተዉ።

አንድ ቀን ከምሠራበት የትምህርት ቤት ኪችን ስመለስ ሬዲዮናቸውን ሳይከፍቱ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትዋሺኝ። ወንድምሽን ምን አድርጌው ነው?»

ክው አልኩ። «ምን አደረጉት ደግሞ?»

«እናቱን በደንብ አላስታመማትም ብሎ ይሆን? ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ‹ናፈቁኝ› ይለኝ ነበር። አሁን ፊቱ ስቀመጥ ይሸሸኛል። ቤቱን አጣበብኩበት መሰለኝ። ቲኬቴን አሳጥሪልኝና ልሂድለት።»

አንጀቴን በሉት። አንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው ሁለቱም በናፍቆት ሲቃጠሉ የማየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔን ደግሞ ወንድሜ በእናታችን አፈር አስምሎኛል። «ኧረ አባባ፣ ሥራ በዝቶበት ነው» አልኩና ወጥቼ ቫኑ ውስጥ ያዝኩት።

«ንገራቸው! ሊሄዱብህ ነው!»

«ምን ብዬ?»

«ሲጋራ ትቻለሁ፣ በሱ ፈንታ ይቺን ይዣለሁ በላቸው። ይመርቁሃል እንጂ አይረግሙህም።»

«በየት በኩል? ገና ከመምጣታቸው አጫሽ ሆኜ ልታያቸው? ሞቼ ነው!» ቱቦውን በመዳፉ ሸፈነው፣ እኔም እንዳላየው። «ልተወው ደግሞ ሞክሬ ነበር። ትናንት ሲጋራ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ወጣሁ።»

የቲኬቱን ነገር «ነገ እደውላለሁ» እያልኩ አዘገየሁት። አባቴም ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ልብሳቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

ቅዳሜ ዕለት ነው፤ ለንደን በዓመት ጥቂት ቀን ከምትሰጠው እውነተኛ ፀሐይ ያለበት ቀን። ወንድሜ ወጥ ቤት ቆሞ ባትሪ ሲቀይር፣ የአንደኛው ልባስ ከአናቱ ተቀዶ አየ። ከእንግዲህ አይሠራበትም፤ ያገለገለ ባትሪ የሚሰበስቡበት ሳጥን ዘንድ ሊወስደው ለየው። ልክ በዚያን ጊዜ የአባቴ ነጠላ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ጠፍ ጠፍ አለ። ይሄኔ የተቀደደውን ባትሪ ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ፣ ቱቦውን ኪሱ ከቶ፣ «መኪናዬን...» እያለ ሹልክ። እኔ ገበያ ነበርኩ፤ ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው።

አባቴ ሻይ ሊያማስሉ መሳቢያውን ቢስቡ ባትሪው። እሳቸው ባትሪ አይሉትም፤ ድንጋይ ነው የሚሉት፣ የሬዲዮ ድንጋይ። እኛ አገር ያደገ ሰው ደግሞ ድንጋይ ደከመ ብሎ አይጥልም። ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል፣ ያገላብጠዋል፣ አንዳንዱም በጥርሱ ነከስ ያደርገዋል፤ ለአንድ ዜና የሚሆን ነፍስ ይዘራል። ልጅ ሆነን የጓሮው አጥር ላይ ድንጋይ ስንጠብቅ ነው ያደግነው።

ከገበያ ስገባ አባቴ በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብለዋል። ከፊታቸው የብረቱ የዶሮ መጥበሻ ትሪዬ፤ ትሪው ላይ የሬዲዮናቸው ድንጋዮች፤ ከጫፍ ደግሞ ያ ባትሪ፣ ራቁቱን፣ አናቱን ከትሪው ከንፈር ላይ አስደግፈውት።

«ምን እየሠሩ ነው፣ አባባ?»

ቀና ብለው ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ከመጡ ጀምሮ እንዲያ ፊታቸው ሲበራ አላየሁም።

«የወንድምሽ ድንጋይ ደክሞ ማንኪያ መሃል ጥሎት አገኘሁ። ልባሱም ተቀዳዶ ነበር፤ ሙቀት እንዲገባው ላጥኩለት። የመኪናው ነው መሰለኝ፤ ለዚህ ነው ቀን ከሌት የሚመላለስባት፣ ምስኪን! አሁን ሲመጣ እሰጠዋለሁ።»

ዘንቢሌን ጣልኩ። «ይነሡ! አባባ፣ ይነሡ!» ስል ትሪው ላይ ሲሲሲ የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቴ ጆሯቸውን ወደ ድምፁ አስጠጉ እንጂ አልተነሡም። ወንድሜ ያኔ በሩን ከፍቶ ይገባ ነበር። እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ በጎኔ አልፎ ከኋላ በብብታቸው ይዞ ጎተታቸውና ሁለቱም ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተዘረጉ። እኔ የመስተዋቱን በር ዘጋሁት። ነጭ ጭስ ተትጎለጎለ፣ ከዚያ እንደ ርችት እሳት ተፋ፣ ትሪዬም ዘለለ። በስማም! ሲበርድ ሲሚንቶው ላይ ጥቁር ነጥብ ቀረ። ጎንበስ ያሉበት ቦታ ነው፤ ዓይናቸው ይሆን ነበር።

ወንድሜ አልለቀቃቸውም። ወለል ላይ እንደተቀመጠ ጭምቅ አድርጎ ይዟቸው፣ «ማን ንኩ አለዎት! እጅዎን ያሳዩኝ! ማን ንኩ አለዎት!» እያለ ይጮኻል። አባቱ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። አባቴ ግን ቃሉን የሰሙት አይመስልም። አፍንጫቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ቆዩና፣

«ብርቱካን ትሸታለህ» አሉ።

ያኔ አልቻለም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «የመኪና አይደለም» አለ። «የማጨሻ ነው፣ አባባ። ሲጋራ አጨስ ነበር፤ ትቼ ይሄን ያዝኩ። እርስዎ እንዳያዩኝ ብዬ ነው መሳቢያ ውስጥ የወረወርኩት።»

ይረግሙታል ብዬ ጠበቅሁ።

«ስትሸሸኝ የከረምከው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ጠልተኸኝ አይደለም?»

«ኧረ አባባ!» አለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

«አንተ የማትረባ! ለጭስ ብለህ ነው ዓይንህን ያስራብከኝ?» አሉ አባቴ። እያለቀሱ ይስቃሉ። «እኔ እኮ አባቴ ድንገት ቢመጣብኝ የተለኮሰ ሲጋራ ኪሴ ከትቼ የሰው ኮት ያቃጠልኩ ሰው ነኝ!»

ልብሳቸውን ከሻንጣው አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት፤ ከልካይ አልነበረኝም።

ፈቀዱለት እንግዲህ። ግን ፈቅደውለትም ፊታቸው ላይ ማጨስ አልሆነለትም፤ እጁ አልታዘዘውም። መላውን ያገኙት አባቴ ናቸው። በማግስቱ ከእራት በፊት «ና ውጣ» ብለው በረንዳ ይዘውት ወጡና ጀርባቸውን ሰጡት። «አላይህም፤ አጭስ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሌም እንዲያ ሆነ፤ እሳቸው የብረቱን አጥር ተደግፈው ወደ ጣሪያዎቹ ያያሉ፣ እሱ ከኋላቸው ቆሞ ብርቱካኑን ይለቃል። በስልክ ያን ሁሉ ዓመት ያልተነገረ ነገር በጀርባ ተነገረ። የበረሃውን አወራላቸው። እሳቸው የእናታችንን የመጨረሻ ቀን አወሩለት። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ አዳምጣለሁ፤ እንባዬን ለሽንኩርቱ አሳብቤ። ቁጥጥሩን ግን አባቴ ቀሙኝ፤ «ልባሱን አይተሃል? ቁልፍ ካለበት ኪስ አልከተትከውም?» ሳይሉ ጀርባቸውን አይሰጡትም። ቤተ ክርስቲያን ግቢም ያገኙትን ሽማግሌ ሁሉ «የለንደን ድንጋይ ፀሐይ አይወድም፣ እንዳታሰጡ» ይሉ ነበር።

አገር ከገቡ በኋላ ዓመት አልሞሉም። ወንድሜ እሳቸውንም በስልክ ቀበረ። ቱቦውን ከዚያ ወዲህ አልነካውም፤ ሲጋራም አላጨሰ። «ጀርባ የሚሰጠኝ የለም፤ ምን ይጣፍጠኛል» አለኝ። እሱ ዊልስደን ተመልሷል፤ እኔ በረንዳው ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ይናፍቁኛል። ሁለቱም፣ አንድ ላይ፣ እንደዚያ ቆመው ይናፍቁኛል። እሱን በየሳምንቱ አየዋለሁ፤ ናፍቆቱ ግን አይወጣልኝም።

አባቴ ወደ አገር ሊመለሱ በዋዜማው አመሻሽ ላይ፣ ገና ፀሐይ ሳትገባ፣ እንደ ልማዳቸው ወጡ። ሻይ ይዤላቸው ስወጣ አባቴ አጥሩን ለቀው «ዛሬስ ልዙር» አሉ። «ነገ የለሁም፤ ፊትህን ልየው።»

ወንድሜ ደንግጦ ቱቦውን ሊደብቅ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ።

«ተው፣ ያዘው። እሱን ማን አየው።»

እጁ ባለበት ቀረ። አባቴ ቀረብ ብለው በሁለት እጃቸው ፊቱን ያዙና ወደ ብርሃኑ መለስ አደረጉት። አውራ ጣታቸው ጆሮ ግንዱ ላይ ቆመ።

«ሽበት ነው ይሄ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«መቼ መጣ?»

«ቆየ እኮ።»

«እኔ ሳላየው» አሉ አባቴ። እጃቸውን አላነሡም፤ ወንድሜም ፊቱን አላዞረም።