ደምሽ በዝቷል

ዲንቄ የደኑ በር ላይ ከተመደበች ወዲህ ለተራራው ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትውለው። ወንበሯ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ተቀምጧል። መኪና ሲመጣ ገመድ ስባ ማገጃውን ታነሳለች፤ ሲያልፍ ትለቀዋለች። ከኋላዋ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በነፋስ ሲንሿሿ ትሰማለች፤ ዞራ ግን አታየውም። ብታየው ደሟ ይፈላል። ደሟ ደግሞ፣ እንደነገሯት ከሆነ፣ መፍላት የለበትም።

ተራራውን መጀመሪያ ያወቀችውም በጀርባዋ ነበር። ከወላይታ ቆላ፣ ከሁምቦ፣ አክስቷን ተከትላ አዲስ አበባ የመጣችው ገና ልጅ ሳለች ነው። ከየካ ሚካኤል ጀርባ በአንዲት ጠባብ ክፍል ሲኖሩ የሁለቱም ጉርሻ ከተራራው የሚወርድ የእንጨት ሸክም ነበር። ጎህ ሲቀድ ይወጣሉ፤ ጭራሮና ቅርንጫፍ ለቅመው፣ በገመድ አስረው፣ ጎብጠው ይወርዳሉ። የቆላ ልጅ ስለነበረች መጀመሪያ መጀመሪያ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጥሯት ትንበረከክ ነበር። የያኔዎቹ የደን ጠባቂዎች ሲይዟቸው ገመዳቸውን በቢላ ይቆርጡባቸዋል። ትከሻዋ ላይ የገመዱ ምልክት ዛሬም አለ፤ ብርድ ሲሆን ያሳክካታል።

ደኑን የሚያስጠብቀው ድርጅት ሴት ጠባቂዎችን እንደሚቀጥር የሰማች ቀን ከሁሉም ቀድማ ሄዳ ተመዘገበች። ፊሽካ፣ ዱላና ሰማያዊ ጃኬት ሰጧት። ከዚያ ወዲህ የማንንም ገመድ ቆርጣ አታውቅም። እንጨት ለቃሚዎቹን ሴቶች «የወደቀውን ውሰዱ፤ የቆመውን ከነካችሁ ግን እንጣላለን» ትላቸዋለች። ይሰሟታል። የተጎነበሰ ሰው ምን እንደሚሰማው ታውቃለችና። ጠዋት ጠዋት የሚለማመዱት ሯጮች አጠገቧ ሲያልፉ «ዲንቄ፣ ዛሬ ቀደምንሽ!» ይሏታል። «ስትመለሱ እንገናኛለን!» ትላቸዋለች። ዳገቱ ሰውነቷ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠባቂ ሽቅብ ሲወጣ ወድቆ ሞተ። ልቡ ነው ተባለ። ድርጅቱ ደነገጠ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሜዲካል እንዲያመጣ አዘዘ። ጤነኛ የሆነው ተራራውን ይዞራል፤ ችግር የተገኘበት በር ላይ ይቀመጣል፣ ይታከማል፣ ከመንፈቅ በኋላ እንደገና ይታያል። ያኔም ካልተሻለው ኮንትራቱ አይታደስም። ሐሳቡ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ወድቆ እንዳይሞት ነው። ዲንቄን አብዝቶ የሚያናድዳትም ይኼ ነው። ሐሳቡ ክፉ ቢሆን ኖሮ መጥላቱ ይቀላት ነበር።

የምርመራው ቀን የክሊኒኩ ግቢ በሰማያዊ ጃኬት ተሞላ። ዲንቄ ከፍሮምሳ ጋር ተሰልፋለች። ፍሮምሳ አብሯት ለብዙ ዘመን የሠራ፣ ሲሄድ የሚያወራ፣ ሲያወራ የሚያስቅ ሰው ነው። ደም ሰጡ። ውጤት ሲደርስ ትንሳኤ የሚባለው የላብራቶሪ ባለሙያ በመስኮቱ ብቅ አለና «እናቴ፣ ደምሽ በዝቷል» አላት። ሌላም ነገር ሊጨምር ነበር፤ ከኋላዋ ያለው ሰው ገፍቶ መስኮቱን ያዘው።

የመጨረሻው ክፍል ውስጥ አንድ ሰውዬ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። የግፊት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ በአፍጢሙ ተደፍቷል።

«ባትሪው አልቋል» አላት ቀና ሳይል። «እስቲ ንገሪኝ፣ የምታውቂው በሽታ አለ?»

ዲንቄ በመስኮቱ የሰማችውን ነገረችው። «ደም ብዛት አሉኝ።»

ጻፈ። ክንዷን አልነካም፣ ፊቷን አላየም፤ ብቻ ጻፈ።

«ቀጥሎ! አንተስ?»

«እኔ ምንም የለብኝም» አለ ፍሮምሳ፣ «ከሚስቴ በቀር።»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሰውዬውም እየሳቀ ጻፈ።

በማግስቱ የጥበቃ ኃላፊው ይድነቃቸው ጠራት። በዕድሜ ታናሽ ወንድሟ ቢሆን ነው፤ እሷ «እርስዎ» ትለዋለች፣ እሱ «አንቺ» ይላታል።

«ሜዲካልሽ ደም ብዛት ይላል። ከነገ ጀምሮ በር ነሽ።»

«ኧረ ምንም አያመኝም አቶ ይድነቃቸው! ትናንትና እንኳ ጫፍ ድረስ ወጥቼ ነው የወረድኩት።»

«ደም ብዛት እኮ አያምም። ድንገት ነው የሚጥለው። እኔ ወረቀቱ ከሚለው ውጪ ምን አውቃለሁ?»

ተራራዋን፣ እሷ የምትዞረውን ዳገት፣ ለፍሮምሳ ሰጡት።

ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች። ታክሲ አልጠበቀችም፤ በእግሯ፣ መንገደኛውን እየገፋች ደረሰች። ሲስተር መዓዛ ትንፋሿ ሳይመለስ ለካቻትና ከንፈሯን መጠጠች። ከፍ ብሏል። ሜዲካሏም ያንኑ ይላል። ሐኪሙ ሁለቱን አገናኝቶ ክኒን አዘዘላት፤ ጨው አትብዪ አላት።

በቀጠሮዋ ስትመለስ ግፊቷ ልክ ነበር። ሲስተር መዓዛ ደስ አላት።

«አየሽ እናቴ፣ መድኃኒቱ ይዞልሻል!»

«ሲስተር፣ ድሮም ጤነኛ ብሆንስ?»

«ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው። በይ እንዳታቋርጪ።»

ዲንቄ ይቺን ነገር በሩ ላይ ተቀምጣ ስታላምጣት ከረመች። ግፊቷ ከፍ ካለ ታማሚ ናት። ልክ ከሆነ መድኃኒት የያዘላት ታማሚ ናት። ታዲያ ጤነኛ መሆኗን በምን ታሳይ? ሰውነቷ የሚናገረውን ሁሉ በበሽታው ቋንቋ ይተረጉሙታል። ስትቆም ዓይኗ ይጨልማል፤ ጉልበቷ ይከዳታል፤ ያንንም ሲሰሙ «በሽታው ነው» ይላሉ። ማታ ያለ ጨው የሠራችውን ሽሮ እያየች «እኔን ነው አልጫ ያደረጉኝ» ብላ ሳህኑን ትገፋዋለች።

ፍሮምሳ ሥራ ሲጨርስ በበሩ በኩል ይወርዳል። «ዲንቄ፣ ዛሬም ጨው የለሽም?» ይላታል።

«ካንተ ይሻላል። አንተ ጨው እየበላህም የለህም!»

እንደ ድሮው ይሳሳቃሉ። ግን እያደር ሳቁ ሲያጥር አየች። ደረጃው ላይ ቁጭ ይልና በመዳፉ ማጅራቱን ያሻል። «ይኼ ተራራሽ ክፉ ነው፤ ምን እያበላሽው ነበር ያለመድሽው? ጠዋት ስነሳ ራሴን በመዶሻ ነው የሚመታኝ።» ፊቱ አመድ መስሏል። ዲንቄ ያየችው ተራራዋ ላይ የዋለ ሰው ድካም ነበር፤ ቀናችበት።

አንድ ቀን ጠዋት የመኪና ጥሩምባ ሰምታ ማገጃውን ልታነሳ ብድግ ስትል መሬቱ ወደ እሷ መጣ። ጉልበቷ ተላላጠ። ባለመኪናው ወርዶ ሲያነሳት ይድነቃቸው ከቢሮው እየሮጠ ደረሰ።

«አላልኩሽም? ይኼኔ ተራራ ላይ ብትሆኚስ ኖሮ?»

«የጣለኝ ያ ክኒን ነው!»

«እግዚአብሔርን አመስግኚ፤ ወረቀቱ ነው ያተረፈሽ።»

የተላላጠ ጉልበቷን በእጇ ይዛ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ጫማውን ብቻ አየች።

ሁለተኛው ምርመራ ሲደርስ ያው ክሊኒክ፣ ያው መስኮት። ትንሳኤ ውጤቱን አይቶ ፈገግ አለ።

«እናቴ፣ ደምሽ አሁንም ብዙ ነው።»

ዲንቄ ኮንትራቷ እዚያው መስኮት ላይ ሲቀደድ ታያት። «መድኃኒቱ ይዞልሻል ብለውኛል እኮ! አንድ ቀን አላቋረጥኩም!»

«የምን መድኃኒት?»

«የደም ብዛት ነዋ! አንተው አይደለህ የነገርከኝ?»

«እኔ? እኔ ደም ብዛት መቼ አልኩ? ግፊት የምለካው እኔ አይደለሁም። ደምሽ ብዙ ነው፣ ቀዩ ደም ማለቴ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ደም ይጨምራል። ሯጮቹ እንጦጦ የሚወጡት ለምን ይመስልሻል?» ሳቀ። «ደም ማነስ የለብሽም ነው ያልኩሽ!»

«አትሳቅ።»

ዝግ ብላ ነው የተናገረችው። ሳቁ ግን ቆመ።

«በዚህች ቃልህ መንፈቅ ሙሉ ክኒን ውጫለሁ። መሬት ላይ ተዘርግቻለሁ። ተራራዬን ነጥቀውኛል። አንተ ትስቃለህ?»

ትንሳኤ መስኮቱን ዘግቶ በበሩ ወጣ። እጇን ይዞ ሰልፉን አልፎ የክሊኒኩ ሐኪም ጋ አስገባት። በዚህ ቀን መለኪያው ባትሪ ነበረው። ግፊቷ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ለቆመ ሰው የማይበቃ ዝቅታ። ሐኪሙ ክኒኑን አቋረጠና በየጊዜው እየመጣች እንድትለካ አደረገ። ክኒኑ ከሰውነቷ ከወጣ በኋላም ግፊቷ ልክ ነበር፤ እንደገና ሲለካም፣ በሌላ ቀን ሲለካም ልክ። ለሥራ ብቁ ናት የሚል ማስረጃ ጻፈላት።

ማስረጃውን ሲሰጣት «የመጀመሪያው ቀን ማነው የለካሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ማንም። ባትሪው አልቆ ነበር። ሁላችንንም በአፍ ነው የጠየቁን።»

ሁላችንንም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ከኋላዋ ደግሞ የዚያን ቀኑን የሰልፍ ሳቅ ሰማች። ከሚስቴ በቀር። ማጅራቱን የሚያሸውን የፍሮምሳን መዳፍ አየች።

ፍሮምሳን ያገኘችው በሩ አጠገብ ለምሳ ቁጭ ብሎ ነው።

«ተነስ፣ ልትለካ ነው።»

«ምን ሆንሽ? ምሳ አልበላም እንዴ?»

«ተነስ አልኩህ!»

ምሳ ዕቃውን ከደነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ገብቶኛል። ተራራሽን ለማስመለስ ነው። እኔ ላይ በሽታ ፈልገሽ።»

ዲንቄ ከኪሷ ማስረጃውን አውጥታ አፍንጫው ሥር ያዘችለት። «ተራራዬ ይኸውልህ! አስመልሼዋለሁ። ይኼ ያንተ ጉዳይ ነው፣ አንተ ደረቅ!»

«ቢገኝብኝስ? ኮንትራቴስ? ልጆቼን አንቺ ታበያቸዋለሽ?»

«ብትሞትስ ማን ያበላቸዋል?»

እጅጌውን ጨምድዳ ጎተተችው። ጠባቂዎቹ እያዩ፣ እሱ እየተሳደበ፣ እሷ እየጮኸች ታክሲ ውስጥ ገቡ። ሲስተር መዓዛ ለካችው፤ ቁጥሩን አየች። በሌላኛው ክንዱ ለካችው። ከዚያ «ጋሼ፣ ከዚህ ወንበር እንዳይነሱ» ብላ ወደ ሐኪሙ ሮጠች። ከዚያው በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላኩት። ቀናት ተኝቶ ወጣ። ዲንቄ በከንቱ ስትውጠው የከረመችውን ዓይነት መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው አሁን አገኘው።

ይድነቃቸው ነገሩን ሲሰማ እፎይ አለ። «በቃ ተስተካከለ። አንቺ ወደ ላይ፣ እሱ ወደ በር። ፋይሉ ተዘጋ።»

ዲንቄ ዕድሜዋን ሙሉ በኃላፊ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ምኑ ነው የተስተካከለው?» ስትል በግቢው ያሉት ሁሉ ዞሩ። «ጤነኛዋን አስቀምጣችሁ በሽተኛውን ዳገት አስወጣችሁት! ያውም ሰው ሞተብን ብላችሁ! ለሞተው ሰው ነው ይኼ ሁሉ? ያን ቀን ስንት ሰው ምንም የለብኝም ብሎ አለፈ? ማነው የለካው? ሁሉም እስኪለካ ድረስ እኔ ተራራ አልወጣም። አባሩኝ!»

ሄዳ የበሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ሲስተር መዓዛ ነገሩን ሰምታ በእረፍት ቀኗ መለኪያዋን ይዛ መጣች። «ይዞልሻል» ያለችው ቃል ሳይቆረቁራት አልቀረም፤ ዲንቄን ሰላም ስትል ዓይኗን ሰበረች። ጠባቂዎቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተሰለፉ። ከመካከላቸው ከፍ ብሎ የተገኘባቸው ነበሩ። የእነሱም የፍሮምሳም ኮንትራት ይታደስ አይታደስ ያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም፤ ዲንቄ ግን ያንንም ሳትጮህበት እንደማትተው ከወዲሁ ተናግራለች።

ይድነቃቸው ስልኩን እየነካካ ከሰልፉ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«እርስዎስ?» አለችው ዲንቄ። «የመጀመሪያው ምርመራ ቀን ከእኛ ጋር ተሰልፈው ነበር።»

«እኔ?» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ምንም የለብኝም።»

ከበሩ በኩል የፍሮምሳ ድምፅ መጣ። «ከሚስትዎ በቀር ይበሉ እንጂ!»

ሁሉም ሳቁ። ዲንቄ አልሳቀችም። ብድግ አለች፤ ወንበሩን አንስታ ፊቱን ወደ ተራራው አዞረችውና ለኃላፊዋ አስጠጋችለት።

«ይቀመጡ» አለችው። «ክንድዎን።»