የኦይታ ዘጠና አንድ ጎሎች

ኦይታ ጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ ቆጣሪ ነው። ጀልባ ሲደርስ ለነጋዴው አሥር አሥር እየቆጠረ ያስረክባል። አሥር ለገዛ ሰው አሥራ አንደኛዋን ይመርቅለታል፤ እሷ አትቆጠርም። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ ኖረ። ከዓሣ የተረፈው ልቡ የሲቀላ ክለብ ነው። ሲቀላና ሴቻ፣ የአንዲት ከተማ ሁለት ሰፈሮች፣ በተጋጠሙ ቁጥር ማን እንዳገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በግራ ይሁን በቀኝ እግር፣ አንድ ሳያስቀር በደብተሩ ይጽፋል። በግጥሚያው ዋዜማ ደግሞ ጀልባ ላይ ወጥቶ ለሰዉ ያነበዋል። የትኛው ጋዜጠኛ ነው አጠገቡ የሚደርስ? ኧረ ተዉኝ!

የዚህ ሁሉ ስሌት ምሥጢር ግን ወርቂቱ ናት። ሴቻ ላይ ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ፣ ምላሷ ከበርበሬዋ የባሰ፣ የለየላት የሴቻ ደጋፊ። ከሦስት ዓመት በፊት «አግቢኝ» ቢላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ሳቀችና «ሲቀላ እኛ ላይ መቶኛ ጎሉን ያገባ ዕለት ሽማግሌ ላክ» አለችው። ሌላው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተዋታል። ኦይታ ከመጀመሪያው ግጥሚያ አንሥቶ መደመር ጀመረ።

ዘንድሮም በዋዜማው ቅዳሜ ጀልባው ላይ ወጣ።

«አርባ አንድ ግጥሚያ! ሴቻ አሥራ አምስት አሸነፈ፣ እኛ አሥራ አራት፣ አሥራ ሁለቱ አቻ! ከዕረፍት በኋላ የሐይቁ ንፋስ ሲነሳ እኛን የሚችል የለም! ጎላችን ዘጠና አንድ!»

እዚህ ላይ ድምፁ ወረደ። ዘጠኝ ይቀራል። በግጥሚያ ሁለት ቢያገቡ፣ በዓመት ሁለት ግጥሚያ፣ ገና ሁለት ዓመት ተኩል ሊጠብቅ ነው።

«እስቲ ያን ደብተር አምጣው!» አለች ወርቂቱ፣ የገዛችውን ዓሣ መሬት አስቀምጣ። ገለጠችው። አሥር ጭረት፣ ከጎኑ አንዲት ነጥብ፤ እንደገና አሥር ጭረት፣ አንዲት ነጥብ።

«ነጥቧ ምንድን ናት?»

«አሥራ አንደኛዋ ናታ።»

«ቆጥረሃታል?»

«ምርቃት ይቆጠራል እንዴ?» አለ ተገርሞ። ዓሣ አስጋሪዎቹም በአንድ አፍ «አይቆጠርም!» አሉ።

«አንተ ሰውዬ! ጎል ዓሣ ነው እንዴ የምትመርቀው? በል ነጥቦቹን ቁጠር!»

ነጥቦቹ ዘጠኝ ናቸው። ኦይታ ከዘጠና አንዱ ጋር በጣቱ ደመረ፣ አላመነም፣ እንደገና ደመረ። «መቶ!» ብሎ ከጀልባው ሲዘል ዓሣ አንሸራትቶት በቂጡ ተቀመጠ፤ የሐይቁ ዳር በእልልታና በሳቅ ተናጋ።

«ቆይ፣ መቼ ነው የሞላው?» አለ እዚያው ጭቃው ላይ እንዳለ።

«ባለፈው ግጥሚያ፣ በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ በግራ እግር» አለች ወርቂቱ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እኔም እቤቴ ስቆጥር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ቤት ጠርገን ከአባባ ጋር ሽማግሌ እንጠብቃለን። የት ቀራችሁ?»

የማግስቱን ውጤት እኔን አትጠይቁኝ። ቆጣሪው የሚላክ ሽማግሌ ሲለምን ዋለ።