የግንቦት ልደታ ጥላ

አንባቢ ሆይ፣ በሰው ፊት ቆመው፣ ጣትዎን ዘርግተው፣ በልበ ሙሉነት የተናገሩት ነገር እዚያው እግርዎ ሥር ውሸት ሆኖ ተገኝቶብዎት ያውቃል? በእኔ ደርሶብኛል። ዛሬም የቀትር ፀሐይ አናቴ ላይ ስትወጣ ጆሮዬ ይግላል፤ ከሙቀቱ አይደለም።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን ነው። አዲስ አበባ ጥቂት ዓመት ዘመናዊ ትምህርት ተምሬ፣ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ሲዘጋ ወደ አገሬ ተመለስሁ። ጣልያን ከተማው ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ማስተማር አልፈለግሁም። ከከተማው በስተሰሜን፣ ጋፋት አጠገብ፣ አንድ ገበሬ አውድማቸውን ፈቀዱልኝና የአካባቢውን ልጆች ሰብስቤ ፊደልና ቁጥር፣ ከዚያም እኔ ራሴ «የሰማይ ትምህርት» ብዬ የሰየምሁትን ማስተማር ጀመርሁ።

የሰማይ ትምህርት ብዙ መሣሪያ የሚፈልግ ይመስልዎ ይሆናል። እኔ የነበረኝ እስከ ደረቴ የሚደርስ የወይራ ዱላ፣ የወንዝ ጠጠርና አዲስ አበባ ሳለሁ የጻፍሁት ደብተር ነው። አውድማ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ ሜዳ ነው፣ በእበት ተለቅልቆ ለስልሷል፣ እህሉ ከተነሣ በኋላ የሚፈልገው የለም። ዱላውን መካከሉ ላይ ተከልን። ከረፋድ ጀምሮ የጥላው ጫፍ በደረሰበት ሁሉ ጠጠር እናስቀምጣለን። ከሁሉ ያጠረው ጥላ የቀትር ጥላ ነው፤ የእሱን ጠጠር ትተን የቀሩትን እናነሣለን። ሰዓት የሌለው ሰው ሰዓት፣ ኮምፓስ የሌለው ሰው ኮምፓስ አገኘ ማለት ነው።

«ፀሐይን ቀና ብላችሁ አትዩ፣ ዓይን ታጠፋለች» እላቸው ነበር። «መሬቱን እዩ። እሷ መንገዷን እዚያ ትጽፍላችኋለች።»

ይቺን ንግግር እወዳት ነበር። ደብተሬ ላይ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያሰመርሁበት ሕግ ነበረ፤ «በቀትር ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን ይወድቃል» ይላል። ከባሕር ማዶ የመጡ መምህራችን ያጻፉን ነው። ከጥር ጀምሮ ዱላችን ሕጉን አክብሮ ጥላውን ወደ ሰሜን፣ ወደ እብናት ወገን ሲጥል ከረመ። የቀትሩ ጠጠር በየሳምንቱ ወደ ዱላው ይጠጋ ነበር። እኔም «ዱላው ጋ ሳይደርስ ይመለሳል» ብዬ አስረዳሁ። ማን እንደ ነገረኝ እንጃ።

ከተማሪዎቼ መካከል ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ የባለ አውድማው ልጅ። አባቷ ስትገባ ውሉን ነግረውኝ ነበር።

«እስከ ግንቦት ልደታ ትማር፣ መምህር። አክስቷ ይፋግ መንገድ ዳር ለካሚዮን ሾፌሮች ምግብ ትሸጣለች፤ የምታግዘኝ ልጅ ላኩልኝ ብላለች። ለልደታ ጎረቤቱ ሲሰበሰብ የተማረችውን ያሳዩን። የሚረባ ከሆነ ትቀጥላለች። ካልሆነ ይፋግ ትውረድ።»

የአባቴ እኩያ ሲሆኑ «አንቱ» ይሉኝ ነበር። ለትምህርቱ ክብር ነው።

ልጅቱ ብዙ አትናገርም። ሌሎቹ ቀትር ሲደርስ ወደ ምሳቸው ሲሮጡ እሷ ጥላው ተመልሶ መርዘም እስኪጀምር ድረስ ከዱላው ሥር አትነሣም ነበር። ለፋሲካ እናቴ ዘንድ አንበሳሜ ወረድሁ፤ ልጆቹን ዕረፉ አልኋቸው። ሌሎቹ ዐረፉ።

የተመለስሁት ለልደታ ዋዜማ ነው። ልጅቱ አውድማው ላይ ጠበቀችኝ።

«የኔታ፣ ጥላው ተሻገረ።»

«ምኑን ተሻገረ?»

«ዱላውን። አጠረ፣ አጠረ፣ ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ። አሁን በወዲያ በኩል ነው።»

«ጥላ እንዴት ይጠፋል? ደመና ሆኖ ይሆናላ።»

«ደመና አልነበረም። ዶሮዋም ጥላዋን ሆዷ ሥር ደብቃው ነበር።»

ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ አዋቂ በልጅ የሚስቀው ሳቅ ነው፣ እሱ ይብሳል። ጥጃ ዱላውን ገፍቶት ይሆናል አልኋትና ሕጉን እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳኋት።

«ጠጠሮቹን ይዩልኝ» አለች።

አየኋቸው። ከሰሜን ተነሥተው፣ የዱላውን ሥር ነክተው፣ ወደ ደቡብ የተሻገሩ የጠጠር ሰልፍ ነበሩ። እኔ ግን የታየኝ ዝርክርክነት ነው። ነገ እንግዳ ይመጣል፣ አውድማው መጽዳት አለበት። መጥረጊያ አንሥቼ ጠጠሮቹን ጠረግኋቸው። ከዚያም ከዱላው ሥር ወደ ሰሜን ቀጥ ያለ የአመድ መስመር አፍስሼ ጫፉ ላይ በትልልቅ ፊደል «ሰሜን» ብዬ ጻፍሁ። ልጅቱ ቆማ አየችኝ።

በማግስቱ ጎረቤቱ ንፍሮውንና ጠላውን ይዞ ወጣ። እኔ ስለ ፀሐይ፣ ስለ ምድር፣ ስለ አራቱ ማዕዘን ብዙ ተናገርሁ፤ ከሚገባው በላይ ብዙ። ቀትር ሲቃረብ ልጅቱን ከዱላው አጠገብ አቆምሁና ጮክ ብዬ ጠየቅኋት።

«በቀትር ጥላ ወዴት ይወድቃል?»

መሬቱን አየች፣ እኔን አየች።

«ወደ ከተማው» አለች።

«ተሳስታለች» አልሁ ወደ ሰዉ ዞሬ። «ፈርታ ነው። ወደ ሰሜን ነው የሚወድቀው፤ ይኸው፣ ይመልከቱ!» ጣቴን ወደ አመዱ መስመር ዘረጋሁ። እኔ ራሴ ግን አላየሁም ነበር። ሰዉ ሁሉ ያያል፣ እኔ የሰዉን ፊት አያለሁ።

ሰዉ ዓይኑን ከመሬቱ አላነሣም። ዞር ብዬ ባይ፣ ከጋት እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ጥላ ለአመዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ደቡብ ተኝቷል።

«ኧረ ጉድ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት። «ፀሐይም ባንዳ ገባች! ጥላዋን ወደ ምሽጉ አዞረችው!»

አውድማው በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ተዉ፣ እሷን አይሟት» አለች አንዲት ሴት፣ «መምህሩ አመድ ሲያፈስ ወገኑ ጠፍቶበት ነው።» ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ያልሳቁት ልጅቱና አባቷ ብቻ ነበሩ።

ያን ጊዜ ነው አፌ እንዲህ ያለው፦ «ዱላውን እሷ ነካክታዋለች። እኔ በሌለሁበት አዛብታዋለች።»

አባቷ ቀስ ብለው ተነሡ።

«አንተ» አሉኝ። ከዚያ በፊት «አንተ» ብለውኝ አያውቁም። «ሌላው ቢቀር እንጨት መትከል አስተማርሃት ብዬ ነበር። እሱም አልሆነም?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ነዪ እንሂድ። ሰኞ ነጋዴዎች ወደ ይፋግ ይወርዳሉ፤ ከእነሱ ጋር ትሄጃለሽ።»

ሰዉ ሲበተን ብቻዬን ቀረሁ። ገመድ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስሬ፣ ግንበኛ እንደሚያደርገው፣ ከዱላው ጎን አንጠለጠልሁት። ዱላው ቀጥ ያለ ነበር። ጠማማ ሆኖ ባገኘው እንዴት ደስ ይለኝ እንደ ነበር ስነግርዎ አፍራለሁ። በማግስቱም በቀትር ሄድሁ፤ ጥላው ያው ወደ ከተማው ነው።

ቤቴ ገብቼ ኩራዝ አበራሁና ጣቴን ጠረጴዛው ላይ አቆምሁ። ኩራዙን ከጣቴ ደቡብ ዝቅ አድርጌ ስይዘው ጥላው ረጅም ሆኖ ወደ ሰሜን ሄደ። ከፍ እያደረግሁ ወደ ጣቴ ሳመጣው አጠረ። ልክ ከአናቱ በላይ ሳደርሰው ጠፋ። ሳሳልፈው በወዲያ በኩል ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ትሄዳለች፤ ከዚያ ቀን በቀን ወደ ሰሜን እየወጣች በሚያዝያ በእኛ አናት ላይ ታልፋለች፤ ክረምቱን ሰሜናችን ላይ ትሰነብታለች። የመምህራችን አገር ግን ከኛ በጣም ወደ ሰሜን የራቀ ስለሆነ ፀሐይ አናታቸው ላይ ደርሳ አታውቅም። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ለእሳቸው አገር እውነት ነበር። እኔ ፀሐይ አናቱን በምትሻገርበት አገር ተወልጄ አድጌ፣ በግንቦት ቀትር የገዛ ጥላዬን ጎንበስ ብዬ አላየሁም።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ የተበዳዩ ደጅ ይቆማል። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ከአውድማው ጥግ ትልቅ ድንጋይ አንሥቼ ሄድሁ። አባቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ከበደህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«ይክበድህ። የጠረግኸው ጠጠር ነው፣ የተሸከምኸው ቋጥኝ። በልክ የምታደርገው ነገር የለህም?»

ድንጋዩን ወደ ሌላው ጫንቃዬ አዛወርሁት።

«ደግሞስ እኔን ምን አደረግኸኝ? እሷን ነው። ያዋረድሃትም እዚህ ደጄ ላይ አይደለም። በአደባባይ የፈረሰ በጓዳ አይጠገንም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው አውድማ ላይ ተናገር። አሁን አውርደው፣ በጌን ታስደነግጣለህ።»

እሑድ ሰዉ መጣ፤ ከልደታውም በዛ። ሁለተኛ ሳቅ ማን ይቀርበታል? ልጅቱ ጠጠሮቿን በቀሚሷ እጥፋት ይዛ ከአባቷ ኋላ ቆመች። ከዱላው አጠገብ ቆሜ ተናገርሁ።

«ዱላው ቀጥ ያለ ነበር። የተዛባሁት እኔ ነኝ። እሷ አይታ ነገረችኝ፤ እኔ ሳላይ ጠጠሮቿን ጠረግሁባት።»

«እንግዲያ ፀሐይ ባንዳ አልገባችም?» አሉ ሽማግሌው።

«አልገባችም፣ አባቴ። መንገዷ ነው።»

«ተመስገን! እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ሳማት ሰነበትሁ።»

ደመና መጥቶ ጥላውን ወሰደው። የግንቦት ሰማይ መዳመን ጀምሮ ነበር። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር እኔ ማስረዳት አማረኝ፤ አፌን ያዝሁ። ልጅቱ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ደመናው ገለጥ ሲል ጥላው ወደ ከተማው ወጣ፤ ጫፉ ላይ ጠጠር አኖረች። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ።

«የኔታ፣ ተመልሶ ወደ ሰሜን ይሄዳል?»

«አዎ፣ በነሐሴ ይመለሳል።»

«አይተውታል?»

ጆሮዬ ጋለ። «አላየሁም» አልሁ።

አባቷ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እንግዲያ እስከ ነሐሴ ማን ይጠብቀዋል? እሱ ከሆነ ጠርጎ ይጥለዋል። እሷ ትቆይና ትጠብቀው። ይፋግ ሌላ ሰው ይሄዳል።»

እሷ ቆየች። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም፣ በሁለት ዝናብ መካከል ፀሐይ ብቅ ባለችበት ቀትር፣ ከአውድማው «የኔታ!» ብላ ስትጠራኝ ሰማሁና በጭቃው ሮጬ ደረስሁ። ዱላው ጥላ አልነበረውም። እሷ ጠጠሯን ሥሩ ላይ አኖረች፤ እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ከደብተሬ አንድ ነገር ባስተማርሁ ቁጥር እጇን ታነሣለች። «አይተውታል?» ትለኛለች። ሌሎቹም ከእሷ ለመዱት። ብዙ ጊዜ መልሴ «አላየሁም» ነው፤ እያልሁትም አልለመድሁትም።

ስለዚህ እኔን አይመኑኝ። ደጅዎ ላይ፣ ሜዳ በሆነ ቦታ፣ ቀጥ ያለ ዱላ ይትከሉ፤ መቅናቱን ገመድ ጫፍ ላይ በታሰረ ድንጋይ ያረጋግጡ። ፀሐይን ሳይሆን መሬቱን ይዩ። ከሁሉ ያጠረው ጥላ ጫፍ ላይ ጠጠር ያኑሩ፣ በሳምንቱም ሌላ። ጠጠሮቹ ያልጠበቁት ቦታ ከሄዱ እባክዎ አይጥረጓቸው። ደግሞ አጠገብዎ ልጅ ካለ፣ ምን እንዳየ አስቀድመው ይጠይቁት።