የድሮው ፎቅ ምሰሶ

የማዘጋጃ ቤት መሐንዲስ ነኝ። መዶሻዬን ይዤ አሮጌ ቤት ስገባ፣ ቀባሪ የመጣ ያህል የባለቤቶቹ ፊት ይጠቁራል። ለምጄዋለሁ። ቤት ካረጀ አረጀ ነው፤ እኔ አላስረጀሁት!

ደብረ ታቦር መሀል፣ ገበያው ዳር ያለውን የድሮ ፎቅ እንድመረምር የታዘዝኩት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ታቹ ድንጋይና ጭቃ፣ ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ቆርቆሮው ዝጎ የቀላ። ፎቁ ላይ አንድ ነጋዴ የገብስ ጆንያ እስከ ጣሪያው ደርድሮበታል። ታች ደግሞ አንዲት ባልቴት ጋቢና ፈትል ይሸጣሉ። ቤቱ የሳቸው ነው፤ ሟች ባላቸው ናቸው የሠሩት። የሚኖሩትም እዚያው፣ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። የኔ ሥራ አንድ ነገር መወሰን ነበር፦ ቤቱ ይቁም ወይስ ይፍረስ?

ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ እመታለሁ። ጤነኛ እንጨት ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፤ ምስጥ የበላው ግን እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። ባልቴቷ ከኋላ ከኋላዬ እየተከተሉ፣ በመታሁ ቁጥር "ቀስ በይ ልጄ፣ ቀስ" ይሉኛል። ግድግዳው እንዳይረግፍባቸው የሳሱ መስሎኝ፣ "ኧረ እማማ! ታዲያ በምን ልየው? በጸሎት?" አልኳቸው። አልሳቁም።

ወደ ጀርባው ክፍል ገባን። ፎቁን ሁሉ የተሸከመው ዋናው ምሰሶ እዚያ ነው። መታሁት። ባዶ። ጎንበስ ብዬ ዝቅ አድርጌ መታሁት። ያው ባዶ። ድምፁ መሬት ውስጥ ወርዶ፣ ቆይቶ የተመለሰ መሰለኝና፣ በጠራራ ፀሐይ ፀጉሬ ቆመ። ብስባሹ የት ድረስ እንደወረደ ለማወቅ ሥሩን መቆፈር ነበረብኝ። መቆፈሪያዬን ሳነሳ ባልቴቷ በርጩማቸውን አምጥተው ምሰሶው ሥር ቁጭ አሉ።

"ይነሱልኝ እንጂ እማማ።"

"አልነሣም።"

"ኤዲያ! ፎቁ ቢናድ እኮ የሚወድቀው አንቱ ላይ ነው!"

"ይውደቅ። አብረን እንሆናለን።"

አብረን? ክፍሉ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ሳላስበው ዞር ዞር ብዬ አየሁ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አፈሩን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ቀስ በይ የምልሽ ምን መስሎሽ ነው?" አሉ። "ትነቃብኛለች።"

ያን ጊዜ ገባኝ። የዚሁ አካባቢ፣ የገሳይ አገር ልጅ ነኝ። በኛ ዘንድ ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይወሰድም፤ እዚያው እቤት ይቀበራል። እናቴ ከጓዳችን አንድ ጥግ ላይ ውሃ እንድንደፋ አትፈቅድም ነበር። "ይበርደዋል" ትላለች፤ ማንን እንደሚበርደው ግን አትነግረንም። ልጅነቴን ሙሉ ያንን ጥግ እየፈራሁ አደግሁ።

"ሰማንያ ቀኗ ሳይሞላ ነው የሞተችው" አሉ ባልቴቷ። "ስም እንኳ አላወጣንላት። አባቷ እዚህ አስተኛትና 'ቤቱ ይጠብቃታል' አለኝ። እሱም ሄደ። እኔ እስክሞት ብቻ ይቁምልኝ፤ ሌላ አልለምንሽም።"

እውነቱን ልናገር፣ መዋሸት አማረኝ። ግን ቅዳሜ ገበያ ዝናብ ሲመጣ ስንት እናት ልጇን አዝላ በዚያ ፎቅ ሥር እንደምትጠለል አውቃለሁ። "እማማ፣ ይሄ ምሰሶ ክረምቱን አይወጣም። ይፍረስ ብዬ ነው የምጽፈው" አልኳቸው።

"እጅሽን ይቁረጠው!" አሉኝ። ሌላም ሌላም አሉኝ። ሲደክማቸው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "የፈሩት ይደርሳል" አሉ። "እንግዲያው ዶዘር አይንካት። አንቺው አውጪልኝ።"

ቤቱ ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ መዶሻዬን ቢሮ ትቼ ሄድኩ። ጋቢውና ፈትሉ ወደ ኪራይ ቤት ተጭኗል፤ ገብሱም ወርዷል። ከባልቴቷ ጋር ተንበርክከን በእጃችን ቆፈርን። ጨርቅ የለም። አጥንት የለም። አፈርና ምስጥ ብቻ። ምሰሶውን የበላው ምስጥ እሷንም... ሐሳቡን አልጨረስኩትም። ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ፈራሁ። እሳቸው ግን አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን አሳረፉና፣ "ይቺውና" አሉ።

ያንን አፈር እፍኝ በእፍኝ ነጠላቸው ላይ አድርገው ጠቀለሉት። ወዴት እንደሚወስዷት ጠየቅኳቸው።

"ከእኔ ጋር ነዋ! የት ትሂድልሽ?"

ደጅ ወጣን። ነገ የሚፈርሰውን ቤት ሊቆልፉ ቁልፋቸውን መፈለግ ጀመሩ። "እስቲ ያዢልኝ" ብለው ጥቅሉን ደረቴ ላይ አስቀመጡት።

አፈር ነው። መሐንዲስ ነኝ፤ አፈር አውቃለሁ። ያ ግን ይሞቅ ነበር። ገበያተኛው እያየኝ፣ ባጃጁ ጡሩንባውን እየነፋብኝ፣ ክንዴ በራሱ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። እሽሩሩ እያልኩ እንደነበር ያወቅኩት እሳቸው ቆልፈው ሲዞሩ ነው። ወደ ጥቅሉ ጎንበስ አሉና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ተኛች?" አሉኝ።

"ተኝታለች እማማ" አልኳቸው።